ከሰገነቱ ላይ የሚታየው ችሎት

የቶም ሮቢንሰንን ግራ እጅ አትልቀቁት። የሃርፐር ሊን «ቱ ኪል ኤ ሞኪንግበርድ» ለማጥናት ከተነሣችሁ፣ ከሁሉ በፊት የምለምናችሁ ይኼንን ነው።

መጽሐፉ እ.ኤ.አ. በ1960 ታተመ፤ በዓመቱ የፑሊትዘር ሽልማት አገኘ፤ እስካሁን ከ40 ሚሊዮን ቅጂ በላይ ተሸጧል። በአሜሪካ ትምህርት ቤቶች በብዛት ስለሚሰጥ፣ እዚያ የሚያድጉ የሐበሻ ልጆችም በቦርሳቸው ይዘውት ቤት ይገባሉ። ታሪኩ በአላባማ ግዛት፣ ሜይኮምብ በተባለች የፈጠራ ከተማ፣ በ1930ዎቹ መጀመሪያና አጋማሽ ላይ ይካሄዳል። የምትተርክልን ስካውት ናት፤ ስትጀምር ስድስት ዓመት እንኳ አልሞላትም። አባቷ አቲከስ ፊንች ጠበቃ ነው። ቶም ሮቢንሰን የተባለ ጥቁር የቀን ሠራተኛ፣ ሜየላ ዩዌል የተባለች ነጭ ወጣት ደፍሯል ተብሎ ሲከሰስ ፍርድ ቤቱ አቲከስን ጥብቅና ያቆምለታል።

አሁን ወደ ችሎቱ እንግባ። ሸሪፉ የሜየላ ቀኝ ዓይን ጠቁሮ እንደነበረ፣ አንገቷ ዙሪያውን የጣት ምልክት እንደነበረበት ይመሰክራል። ፊት ለፊት ቆሞ ቀኝ ፊቷን የመታት ሰው ግራኝ ሳይሆን አይቀርም። አንገቷን ዙሪያውን ያነቀውም ሁለት ደኅና እጅ ያለው ነው። አቲከስ የልጅቱን አባት ቦብ ዩዌልን «እስቲ ስምህን ጻፍ» ይለዋል፤ ሰውዬው በግራ እጁ ይጽፋል። ቀጥሎ ቶም ይነሣል። ግራ እጁ ገና በልጅነቱ የጥጥ መዳመጫ ማሽን ውስጥ ገብቶበት ሰልሏል። ሊምል መጽሐፍ ቅዱሱ ላይ ሲያስደግፈው ይንሸራተትበታል። ለዚህ ሁሉ ክስ ልጅቱን ይመረምር ዘንድ ሐኪም የጠራ ሰው የለም።

ደራሲዋ ያደረገችውን አያችሁ? እንቆቅልሹን ከፍርዱ በፊት ፈታችልን። ስለዚህ ጁሪው «ጥፋተኛ ነው» ብሎ ሲመለስ፣ ማስረጃ ጎድሎ ነው ብለን የምናመካኝበት ቀዳዳ አይቀርልንም። የቀረን ጥያቄ እነዚያ ሰዎች እነማን ናቸው የሚለው ነው።

በአገራችን ፍርድ ቤት ጁሪ ስለሌለ ይቺን ላብራራት። ጁሪ ማለት ከነዋሪው መካከል ተመርጠው ተከሳሹ ጥፋተኛ መሆን አለመሆኑን የሚወስኑ፣ አብዛኛውን ጊዜ 12 ሰዎች ናቸው። በሜይኮምብ ጁሪ ውስጥ አንድም ጥቁር የለም። ሴትም የለችም፤ አላባማ ሴቶችን በጁሪ ማስቀመጥ የጀመረችው መጽሐፉ ከታተመ ከ6 ዓመት በኋላ፣ በ1966 ነው። ይህ ሁሉ በንግግር አይሰበክልንም። የስካውት ወንድም ጄም «እንደኛ ያለ ሰው፣ ጎረቤታችን ሚስ ሞዲስ ለምን አይቀመጡም?» ብሎ ይጠይቃል፤ በልጅ ጥያቄ የግዛቱ ሕግ ይገለጥልናል። የስኮትስቦሮን ጉዳይ አጠገቡ አስቀምጡት። በ1931 በዚያው በአላባማ ዘጠኝ ጥቁር ወጣቶች ባቡር ላይ ሁለት ነጭ ሴቶችን ደፍራችኋል ተብለው ተከሰሱ፤ ነጮች ብቻ በተቀመጡበት ጁሪ ስምንቱ ተፈረደባቸው። ከከሳሾቹ አንዷ በ1933 ቃሏን ካደች። በ1935 ደግሞ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ጥቁሮችን ከጁሪ ሆን ብሎ ማግለል ሕገ መንግሥቱን ይጥሳል ብሎ ወሰነ። የቶም ችሎት የሚውለው ልክ በዚያው ዓመት በጋ ነው።

ልጅ ስለሆነች ግን ስካውትን ንጹሕ መስታወት አድርጋችሁ አትውሰዷት። ዐቃቤ ሕጉ ባለትዳርና የልጆች አባት የሆነውን ቶምን «አንተ ልጅ» እያለ ሲያዋክበው፣ ጓደኛዋ ዲል አላስችል ብሎት ያለቅሳል። እሷ ለምን እንደሚያለቅስ አይገባትም፤ ተከሳሹ ጥቁር ስለሆነ አነጋገሩ የተለመደ ይመስላታል። ለእኔ ከመላው መጽሐፍ እጅግ የሚያስደነግጠው ይህ ገጽ ነው። የምንወዳት ልጅ የከተማዋን በሽታ ሳታውቀው ተሸክማዋለች።

ልጆቹ ችሎቱን የሚከታተሉት ለጥቁሮች ከተለየው ሰገነት ላይ ሆነው ነው። መጋቢ ሳይክስ ቦታ አስለቅቀው ያስቀምጧቸዋል። ስካውት ከእነሱ መካከል ተቀምጣ ዓይኗ ግን ቁልቁል፣ ወደ አባቷ ነው። አጠገቧ ያሉት ሰዎች ማታ ቤታቸው ገብተው ምን ተባባሉ? የቶም ሚስት ሔለን ልጆቿን ይዛ እንዴት አደረች? የእነስካውት ቤት ሠራተኛ ካልፐርኒያ ልጆቹን ወደ ቤተ ክርስቲያኗ ከወሰደችበት ምዕራፍ በቀር መጽሐፉ ወደዚያ ሰፈር እምብዛም አይዘልቅም። ብዙ ተቺዎች ጥቁሮቹ የነጩ ጀግና ማድመቂያ ሆኑ ይላሉ። እኔም እስማማለሁ፤ መጽሐፉን እየወደድኩትም እስማማለሁ።

የደራሲዋ የትውልድ ከተማ ሞንሮቪል ራሷ ጉዳዩን አልጨረሰችም። በ1987 እዚያው አካባቢ የሚኖር ዋልተር ማክሚሊያን የተባለ ጥቁር በግድያ ተያዘ። ወንጀሉ በተፈጸመበት ሰዓት ቤቱ ለቤተ ክርስቲያን ገንዘብ ማሰባሰቢያ ዓሣ ሲጠበስ ከብዙ ሰው ጋር ነበር። ጁሪው ዕድሜ ልክ ቢልም ዳኛው ወደ ሞት ለወጠው። በ1993 ነጻ ያስወጣው ጠበቃው ብራያን ስቲቨንሰን ነው፤ «ጀስት መርሲ» በተባለው መጽሐፉ ሁሉንም ጽፎታል።

ከሰገነቱ ወገን የሚናገር ልብ ወለድም አለ፤ ሚልድረድ ቴይለር በ1976 ያሳተመችው «ሮል ኦፍ ተንደር፣ ሂር ማይ ክራይ»። ዘመኑ 1933፣ ግዛቱ ጎረቤት ሚሲሲፒ፣ ተራኪዋ የዘጠኝ ዓመት ጥቁር ልጅ ካሲ ሎጋን። ሁለቱም ልጆች በመጀመሪያዎቹ ምዕራፎች ትምህርት ቤት ይገባሉ። ስካውት አስቀድማ ማንበብ በማወቋ መምህርቷ ትቆጣታለች። የካሲ የስድስት ዓመት ወንድም ሊትል ማንም ማንበብ ያውቃል። የተሰጠው መጽሐፍ ሽፋን ውስጥ ያለውን ሠንጠረዥ ያነባል፦ መጽሐፉ አዲስ እያለ ለነጭ ተማሪዎች ተሰጥቶ፣ በዓመታት አርጅቶ አርጅቶ፣ «በጣም ያረጀ» ተብሎ በስድብ ስም ለተጠቀሰ ጥቁር ተማሪ ተላልፏል። ልጁ መጽሐፉን ወርውሮ ይረግጠዋል፤ ይገረፋል። ካሲም ለእሱ ቆማ ትገረፋለች።

ለጥናት አንድ ምሽት ብቻ ካላችሁ የካሲን አንደኛ ምዕራፍና የስካውትን ሁለተኛ ምዕራፍ ተራ በተራ ጮክ ብላችሁ አንብቡ፤ ወደ ሜይኮምብ ችሎት ከዚያ በኋላ ግቡ።