የሥራ ሰዓትና የእጅ ስልክ

ደመወዝ የሚከፈለው ሰው በጉልበቱና በዕውቀቱ ስለሚሰጠው አገልግሎት እንጂ በወንበር ላይ ስለ መቀመጡ አይደለም። ዳሩ ግን ዛሬ በየመሥሪያ ቤቱ ሰውነቱ ከጠረጴዛው ሳይለይ፣ አሳቡ በእጅ ስልኩ ውስጥ የሚውል ሠራተኛ ብዙ ነው። ቀድሞ ከሥራ የሚቀር ሰው ወንበሩ ባዶ ስለሚሆን በቶሎ ይታወቅበት ነበር፤ ይህ መቅረት ግን ወንበር ሳይለቀቅ ስለሚፈጸም ለሠራተኛው ለራሱ እንኳ አይታወቀውም።

ምክንያቱ አንድ ብቻ አይደለም። አንደኛ፣ መሣሪያው ራሱ ሰውን እንዲይዝ ሆኖ የተሠራ ነው። መጽሐፍ ምዕራፉ ሲያልቅ አንባቢውን ያሰናብታል፤ እ.ኤ.አ. በ2006 ኤዛ ራስኪን የተባለው የኮምፒዩተር ባለሙያ ያወጣው የገጽ ዐይነት ግን ወደ ታች በተሳበ ቍጥር አዲስ ነገር ስለሚያመጣ ማብቂያ የለውም። ይኸው ሰው ኋላ በሥራው መጸጸቱን በግልጽ ተናግሯል። ሁለተኛ፣ በቤት በገንዘብ የሚገዛው ኢንተርኔት በመሥሪያ ቤት በነጻ ይገኛል። ሦስተኛ፣ አለቃው ሥራን ለይቶ ካልሰጠ፣ ሥራ የፈታ እጅ ስልክ መፈለጉ አይቀርም። አራተኛው ምክንያት የሚመጣው ከእኛው ከቤተ ሰቦች ነው፤ ከረፋዱ ጀምሮ ቀልዱንና ሥዕሉን በቴሌግራም እንልካለን፤ መልሱ ሲዘገይም እናኰርፋለን።

«ጥቂት ደቂቃ ምን ትጎዳለች?» የሚል ቢኖር ሒሳቡን ይመልከት። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መደበኛው የሥራ ጊዜ በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 ሰዓት እንዳይበልጥ ወስኗል። በሳምንት 6 ቀን፣ በቀን 8 ሰዓት የሚሠራ ሰው በየሰዓቱ 10 ደቂቃ ለስልኩ ቢሰጥ፣ በቀን 80፣ በሳምንት 480 ደቂቃ ይሆናል። ይህም ሙሉ የ8 ሰዓት የሥራ ቀን ማለት ነው። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የተባለው በዚህም ይፈጸማል።

ጉዳቱ የሚደርሰው በአሠሪው ብቻ አይደለም። ልጇ ከዐረብ አገር የላከችላትን ገንዘብ ለመቀበል ከገጠር የመጣች እናት በባንክ መስኮት ፊት ቆማ ትጠብቃለች፤ ተራዋ ሳይደርስ ከመሸ የምትከፍለው የማደሪያ ዋጋ ከዚያው ገንዘብ ላይ ነው። ሠራተኛውም ራሱ ይጎዳል። እ.ኤ.አ. በ2008 ግሎሪያ ማርክና ባልደረቦቻቸው ባወጡት ጥናት፣ ሥራው በየመካከሉ የሚቋረጥበት ሰው ጊዜውን ለማካካስ ይጣደፋል፤ ነገር ግን ጭንቀቱና ብስጭቱ ይበዛል። እንዲህ ያለው ሰው ማታ ወደ ልጆቹ የሚገባው ደክሞና ተቈጥቶ ነው።

ይሁን እንጂ ፍርዳችን ሚዛን ይኑረው። የታመመ ልጅን ሁኔታ በአንድ መልእክት መጠየቅ፣ ወይም በ2013 ዓ.ም. በተጀመረው ቴሌብር ክፍያን ፈጽሞ ከሰልፍ መዳን የሚነቀፍ አይደለም። የሚነቀፈው ለጥቂት ጊዜ ተከፍቶ ሳይዘጋ የሚውለው ነው።

እንግዲህ አለቃ ሥራን በዝርዝር ይስጥ፤ የዕረፍት ሰዓትንም በእውነት ዕረፍት ያድርግ። ሠራተኛ ባለጉዳይ ፊቱ ሲቆም ስልኩን በመሳቢያ ያኑር። እኛም የቤት ሰዎች አስቸኳዩን ነገር ደውለን እንንገር፤ ጨዋታውን ግን ለማታ እናቆይ። ያን ጊዜ በመስኮቱ ፊት የቆመችው እናት ሳይመሽ ወደ አገሯ ትመለሳለች።