የሠፈር አዋዜና የደንበኛ እምነት

የአዲስ አበባ ታላቁ ገበያ ቀድሞ በአራዳ ጊዮርጊስ አጠገብ ይቆም እንደ ነበረ ይታወቃል፡፡ በኢጣልያ ወረራ ዘመን (ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም.) ወደ መርካቶ ቢዛወርም፣ አራዳና ፒያሳ የጓዳ ንግዳቸውን አልተዉም፡፡ ባለሙያዋ ሴት በርበሬውን ቀንጥሳ፣ ከነጭ ሽንኩርትና ከዝንጅብል ጋር ደልዛ፣ አዋዜና ድልህ በጥቂት በጥቂቱ እያዘጋጀች ለጎረቤት ትሸጥ ነበር፡፡ የንግድ ምልክቷም ስሟ ብቻ ነበር፡፡

በ2016 ዓ.ም. ግን በፒያሳ ብዙ ቤቶች ፈርሰው ነዋሪው ሲበተን፣ ሻጭና ደንበኛ ተለያዩ፡፡ ዛሬ በእሑድ ገበያ ብልቃጥ የሚያነሣ ገዢ ሠሪዋን አያውቃትም፤ በበርበሬ ውስጥ ባዕድ ነገር እንደሚቀላቀል ግን ሰምቷል፡፡

ስለዚህ ጎረቤት በቃል ያውቀው የነበረው አሁን በብልቃጡ ላይ ሊጻፍ ይገባል፤ ይኸውም የሠሪዋ ስም፣ የገባበት ቅመምና የተሠራበት ቀን ነው፡፡ ከሁሉ አስቀድሞ ዛላው ከመሬት ከፍ ብሎ ፈጽሞ ይድረቅ፡፡ እርጥብ በርበሬ ይሻግታል፤ ከሻጋታውም አፍላቶክሲን የተባለ መርዝ ይወጣል፡፡ የአውሮፓ ኅብረት በአንድ ኪሎ ደረቅ በርበሬ ከ10 ማይክሮግራም በላይ አፍላቶክሲን ቢገኝ አይቀበልም፡፡

ክቡራን ባለሱቆች ሆይ፤ ይህን ላሟላች ባለሙያ ከመደርደሪያችሁ ጥቂት ሥፍራ ብትሰጡ፣ እናንተ አዲስ ሸቀጥ፣ እርሷም የተበተነባትን ደንበኛ ታገኛላችሁ፡፡