ክሪሶበሪል ስለ መሰለው የብራዚል ድንጋይ

በከበሩ ድንጋዮች ንግድ ውስጥ እውነተኛው ድንጋይ በሌላ ስም የተሸጠ እንደ ሆነ ገዢውም ሻጩም ይጎዳሉ። ብራዚሊያናይት የተባለው ማዕድን ለዚህ ጥሩ ምስክር ነው።

በብራዚል አገር፥ ሚናስ ዤራይስ በተባለው ግዛት፥ በኮንሴልዬይሮ ፔና አካባቢ፥ ቢጫነት ከአረንጓዴ ጋር የተዋሐደበት ውብ ድንጋይ በተገኘ ጊዜ ክሪሶበሪል ነው ተብሎ ታስቦ ነበር። ክሪሶበሪል በጥንካሬውና በዋጋው የታወቀ በመሆኑ ይህ ግምት ሻጮቹን ሳያስደስት አልቀረም። ነገር ግን ፍሬደሪክ ፓውና ኤድዋርድ ሄንደርሰን የተባሉት አሜሪካውያን ሊቃውንት መርምረው፥ እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በ1945 ዓ.ም. ከዚያ በፊት ያልታወቀ ማዕድን መሆኑን ገለጡ፤ ስሙም ከተገኘበት አገር ተወሰደ።

ማዕድኑ ሶዲየምና አሉሚኒየም ያለበት ፎስፌት ሲሆን፥ የሚገኘው ፔግማታይት በሚባለው አለት ውስጥ ነው። ከምድር በታች የቀለጠው ግራናይት ሲረጋ፥ ውኃና ብርቅ ንጥረ ነገሮች የበዙበት ክፍል በመጨረሻ ይቀራል፤ ፔግማታይት የሚሠራው ከዚህ ነው። አለቱም ከረጋ በኋላ ፎስፎረስ ያዘለ ሙቅ ውኃ በስንጥቁና በባዶው ቦታ ሲዘዋወር ብራዚሊያናይት ይፈጠራል። በአሜሪካም በኒው ሃምፕሸር ግዛት፥ ፓሌርሞ በተባለው የማዕድን ጕድጓድ ተገኝቷል፤ ለጌጥ የሚጠረበው መልካሙ ድንጋይ ግን በይበልጥ የብራዚሉ ነው። የአለቱ ዐይነት ለኢትዮጵያም እንግዳ አይደለም፤ በጉጂ፥ በቀንጢቻ፥ ታንታለም የወጣው ከፔግማታይት ነው።

ነጋዴውን በይበልጥ የሚመለከተው የድንጋዩ ጠባይ ነው። በሞስ መለኪያ የብራዚሊያናይት ጥንካሬ 5.5 ሲሆን የክሪሶበሪል 8.5 ነው። የተጠረበን ድንጋይ ለመፈተን ብሎ መጫር ዕቃን ማበላሸት ስለ ሆነ በሚዛን መለየት ይሻላል። ብራዚሊያናይት ከእኩል መጠን ውኃ 3 እጥፍ ያህል፥ ክሪሶበሪል ግን 3.7 እጥፍ ያህል ይከብዳል። ስለዚህ በአየር ላይ 30 ካራት የሚመዝን ድንጋይ በቀጭን ክር ታስሮ ውኃ ውስጥ ተንጠልጥሎ ቢመዘን፥ ብራዚሊያናይት ከሆነ 10 ካራት ያህል፥ ክሪሶበሪል ከሆነ 8 ካራት ያህል ይቀንሳል። ቱርማሊን ግን በክብደቱ ለብራዚሊያናይት በጣም ስለሚቀርብ ሚዛን ብቻውን አይበቃም፤ ብርሃን በድንጋዩ ውስጥ የሚታጠፍበትን መጠን የሚለካ መሣሪያ ያስፈልጋል።

ይህን ድንጋይ ለቀለበት ብሎ መሸጥ ደንበኛን ማስቀየም ነው። በቤት ውስጥ ያለው ተራ አቧራ እንኳ ጥንካሬው 7 የሆነ የኳርትዝ ደቃቅ አለበትና፥ በየቀኑ ሲጠረግ ብርሃኑ እየደበዘዘ ይሄዳል። ከዚህም በላይ በአንድ በኩል በቀላሉ ስለሚሰነጠቅ ጠራቢውም ቀለበት ሠሪውም ይቸገሩበታል። ለአንገት ጌጥ ወይም ለደረት መርፌ ግን ይስማማል፤ ማዕድን ሰብሳቢዎችም መልኩ ያልጐደለውን ክሪስታል ሳይጠረብ እንዳለ ይፈልጉታል። እንግዲህ ቢጫ አረንጓዴ ድንጋይ የሚያዝዝ አስመጪ፥ የማዕድኑ ስም በደረሰኙ ላይ ተለይቶ እንዲጻፍለት ገንዘቡን ከመላኩ በፊት ይጠይቅ።