የውኃ ፓምፕ ኤክስቴንሽን ገመድ አመራረጥና አያያዝ
በድሬዳዋና በአካባቢው ለሚገኙ አትክልትና ፍራፍሬ አልሚዎች የተዘጋጀ

መግቢያ

ድሬዳዋ ከባሕር ወለል በላይ 1200 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ የምትገኝ፣ ሙቀቷ የበረታና ዝናቧ ያነሰ ከተማ ናት። በከተማይቱ ዙሪያና በደረቅ ወንዞች ዳር ሽንኩርት፣ ቲማቲም፣ ፓፓያና ሌላም አትክልት የሚያለማ ገበሬ ከሰማይ ውኃ ይልቅ የሚተማመነው በጉድጓድ ውኃ ነው። የኤሌክትሪክ መስመር በደረሰበት ሥፍራ ደግሞ ውኃውን በኤሌክትሪክ ፓምፕ ማውጣት ከነዳጅ ሞተር ይልቅ ድካሙ ያነሰ በመሆኑ ብዙዎች ይመርጡታል።

ይሁን እንጂ ጉድጓዱ የሚገኘው ቆጣሪው ከተተከለበት ቤት አጠገብ አይደለም። በመካከሉ 30፣ 50፣ አንዳንዴም 100 ሜትር ርቀት አለ። ይህን ርቀት የሚሞላው ኤክስቴንሽን ገመድ ነው። ገበሬው ለፓምፑ ብዙ ገንዘብ አውጥቶ ሲያበቃ ለገመዱ ግን የተገኘውን ርካሽ ገመድ ይገዛል፤ ወይም ከቤት ውስጥ የቴሌቪዥን ገመድ አንሥቶ ይቀጥላል። ከዚህ ሁለት ጉዳት ይመጣል። አንደኛው የፓምፑ ሞተር ይቃጠላል። ሁለተኛውና የከፋው፣ ኤሌክትሪክና እርጥብ መሬት በተገናኙበት ሥፍራ ሰው ይሞታል። በዚህ ጽሑፍ ሁለቱንም ጉዳት እንዴት ማስቀረት እንደሚቻል በቅደም ተከተል እንገልጻለን።

1. ቀጭን ገመድ ሞተር የሚያቃጥለው ለምንድን ነው?

የኤሌክትሪክ ገመድ ከውኃ ቧንቧ ጋር ይመሳሰላል። ቧንቧው ቀጭንና ረዥም ሲሆን ውኃው በጫፉ ላይ ኃይሉ ይደክማል። እንደዚሁም ገመዱ ቀጭንና ረዥም ሲሆን ከቤት 220 ቮልት ሆኖ የተነሣው ኤሌክትሪክ ጉድጓዱ አፍ ሲደርስ ይቀንሳል። የጎደለው ኃይል ገመዱን በማሞቅ ይባክናል፤ ቆጣሪው ግን ይቆጥረዋል።

ለምሳሌ 1.5 የፈረስ ጉልበት ያለውን ፓምፕ እንውሰድ። ይህ ፓምፕ ሲሠራ 8 አምፔር ያህል ይስባል። ከቤት እስከ ጉድጓዱ 50 ሜትር ነው እንበል። የገመዱ መዳብ ውፍረት የሚለካው በካሬ ሚሊሜትር ሲሆን፣ በመንገድ ላይ የሚጠፋው ቮልት እንደሚከተለው ነው።

በ0.75 ካሬ ሚሊሜትር ገመድ፦ 19 ቮልት ያህል
በ1.5 ካሬ ሚሊሜትር ገመድ፦ 10 ቮልት ያህል
በ2.5 ካሬ ሚሊሜትር ገመድ፦ 6 ቮልት ያህል
በ4 ካሬ ሚሊሜትር ገመድ፦ 4 ቮልት ያህል

ከ220 ቮልት ላይ ከመቶ 5 እጅ፣ ማለትም ከ11 ቮልት በላይ እንዳይጠፋ ማድረግ ይገባል። በመሆኑም 0.75 የሆነው የቤት ውስጥ ገመድ ለዚህ ሥራ ፈጽሞ አይበቃም።

ነገሩ በዚህ አያበቃም። ሞተር ሲነሣ ከዘወትሩ 5 እጥፍና ከዚያም በላይ አምፔር ይስባል። ዘወትር 8 አምፔር የሚስበው ፓምፕ ሲነሣ 40 አምፔር ይጠይቃል ማለት ነው። በዚያች ቅጽበት በቀጭኑ ገመድ ላይ የሚጠፋው ቮልት ወደ 100 ይጠጋል። በ2.5 ገመድ ላይ ግን ከ30 ቮልት አያልፍም። የሞተር የመዞር ጉልበት ደግሞ ከቮልቱ ይልቅ ፈጥኖ ይወድቃል፤ ቮልቱ ከመቶ 10 ሲቀንስ ጉልበቱ ከመቶ 19 ያህል ይቀንሳል። ስለዚህ ሞተሩ ለመነሣት እየታገለ ያጉረመርማል፣ ይሞቃል፣ በመጨረሻም ጥቅሉ ይቃጠላል። ቲማቲሙ አበባ በያዘበት ሳምንት ሞተሩ የተቃጠለበት ገበሬ በገመዱ ያዳነውን ገንዘብ አሥር እጥፍ አድርጎ ይከፍላል።

2. ስንት ውፍረት ያለው ገመድ ይገዛ?

ከዚህ በታች የተመለከተው ለንጹሕ መዳብ ገመድና ለ220 ቮልት አንድ ፋዝ ፓምፕ ነው።

ለ1.5 የፈረስ ጉልበት ፓምፕ (8 አምፔር ያህል)፦
እስከ 25 ሜትር 1.5 ካሬ ሚሊሜትር
እስከ 50 ሜትር 2.5 ካሬ ሚሊሜትር
እስከ 100 ሜትር 4 ካሬ ሚሊሜትር

ለ3 የፈረስ ጉልበት ፓምፕ (15 አምፔር ያህል)፦
እስከ 25 ሜትር 2.5 ካሬ ሚሊሜትር
እስከ 50 ሜትር 4 ካሬ ሚሊሜትር
እስከ 100 ሜትር 6 ካሬ ሚሊሜትር

ትክክለኛው አምፔር በፓምፑ ላይ በተለጠፈው ሰሌዳ ተጽፎ ይገኛል፤ ከዚህ ከተገመተው የበለጠ ከሆነ ቀጥሎ ያለውን ወፍራም ገመድ መምረጥ ነው። ቤቱ ከትራንስፎርመር የራቀ ሆኖ መብራቱ ማታ ማታ የሚደክም ከሆነም እንዲሁ ይደረግ። ከ3 የፈረስ ጉልበት በላይ ለሆነ ፓምፕ ግን ኤክስቴንሽን ገመድ አንመክርም። ባለ ሦስት ፋዝ ቋሚ መስመር በባለሙያ ቢዘረጋ ይሻላል።

የድሬዳዋ ሙቀትም መታሰብ አለበት። በገመድ ላይ የሚጻፈው የአምፔር ልክ በአብዛኛው 30 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሙቀት ላለው አየር የተሰላ ነው። አየሩ 40 ዲግሪ ሲደርስ ያው ገመድ መሸከም የሚገባው ከመቶ 85 ያህሉን ብቻ ነው። ፀሐይ በቀጥታ ሲመታው ደግሞ ጥቁሩ ሽፋን ከአየሩ ይልቅ ይግላል። ስለዚህ በቀዝቃዛ አገር የበቃ ገመድ እዚህ ላይበቃ ይችላል።

3. ሲገዛ የሚታዩ ምልክቶች

ሀ/ ሽፋኑ። ለደጅ ሥራ የሚሆነው በወፍራም ጥቁር ጎማ የተሸፈነ ገመድ ነው። ነጭ ወይም ግራጫ የፕላስቲክ ሽፋን ያለው የቤት ውስጥ ገመድ በፀሐይ ይደርቃል፣ ይሰነጠቃል፣ ውኃም ያስገባል። በከባዱ የጎማ ገመድ ሽፋን ላይ «ኤች 07 አር ኤን-ኤፍ» የሚል የላቲን ፊደል ይታተማል። ይህ ምልክት ገመዱ ዘይት፣ ውኃና መጎተት እንዲችል ሆኖ መሠራቱን ያመለክታል።

ለ/ የሽቦው ቁጥር። ገመዱ በውስጡ ሦስት ሽቦ ሊኖረው ይገባል፤ ቡናማው ፋዝ፣ ሰማያዊው ኒውትራል፣ አረንጓዴና ቢጫ የተቀላቀለበት የመሬት መስመር ነው። ሁለት ሽቦ ብቻ ያለው ገመድ ለፓምፕ አይገዛም። የመሬት መስመር የሌለው ፓምፕ ውስጡ ቢበላሽ የብረት አካሉ በሙሉ ኤሌክትሪክ ይይዛል።

ሐ/ መዳቡ። በገበያ ላይ በመዳብ የተቀባ አሉሚኒየም እንደ መዳብ ይሸጣል። የአንዷን ክር ጫፍ በቢላ ፋቅ ማድረግ ነው። ውስጡ ነጭ ከሆነ መዳብ አይደለም። ጥቅሉም ከመጠኑ ሲነጻጸር ቀላል ይሆናል።

መ/ ውፍረቱ። በሽፋኑ ላይ 2.5 ተብሎ ተጽፎ ውስጡ ግን ያነሰ ሊሆን ይችላል። ይህን ለማወቅ ክሮቹን መቁጠር ይረዳል። ትክክለኛው 2.5 ገመድ በአንዱ ሽቦ ውስጥ ሩብ ሚሊሜትር ውፍረት ያላቸው 50 ያህል ክሮች አሉት፤ 1.5 የሆነው 30 ያህል። ሽፋኑ ወፍራም መሆኑ ብቻ ገዢውን እንዳያታልለው ያስፈልጋል።

ሠ/ ስፒናውና ሶኬቱ። ለደጅ የሚሆን ስፒናና ሶኬት ከጎማ የተሠራና ክዳን ያለው ነው። «አይ ፒ 44» የሚል ምልክት ያለው የሚረጭ ውኃን ይችላል፤ ውኃ ውስጥ መውደቅን ግን አይችልም።

4. ሰውን ከሞት ስለሚያድነው መቁረጫ

ብዙ ሰዎች «ብሬከር አለን፣ ምን ያሠጋናል?» ይላሉ። ይህ ታላቅ ስሕተት ነው። ብሬከር የሚጠብቀው ገመዱን እንጂ ሰውን አይደለም። 16 አምፔር ብሬከር ከ16 አምፔር በላይ ካላለፈ አይቆርጥም። ሰውን ለመግደል ግን የአንድ አምፔር አሥረኛ እጅ ይበቃል፤ ይኸውም ከዚያ 160ኛው እጅ ነው። በእርጥብ መሬት ላይ በባዶ እግሩ የቆመ ሰው ሕይወቱ ሲያልፍ ብሬከሩ ምንም እንዳልተፈጠረ ሆኖ ይቆያል።

ሰውን የሚጠብቀው 30 ሚሊ አምፔር የሆነው የልዩነት መቁረጫ ነው፤ ሻጮች «አር ሲ ዲ» ይሉታል። በፋዙ የሄደውና በኒውትራሉ የተመለሰው ኤሌክትሪክ እኩል መሆኑን ዘወትር ያነጻጽራል። ጥቂቱ በሰው አካል በኩል ወደ መሬት ሲፈስ ልዩነቱን ዐውቆ ከሰከንድ ባነሰ ጊዜ ይቆርጣል። ይህን መቁረጫ ገመዱ በሚነሣበት ቤት፣ ከሶኬቱ በፊት ባለሙያ እንዲያስገባው ያስፈልጋል። በላዩ ላይ ያለችውን የመሞከሪያ ቁልፍ በየወሩ መጫን ይገባል፤ ስትጫን ካልቆረጠ ተበላሽቷልና ይለወጥ።

የመሬት መስመሩም ከቤቱ የመሬት ዘንግ ጋር በእርግጥ መገናኘቱ መታየት አለበት። ዘንግ በሌለው ቤት ሦስተኛው ሽቦ ወዴትም አይሄድም።

5. የአዘረጋግ ሥርዓት

ገመድ ሲዘረጋ የሚከተሉትን መጠበቅ ይገባል።

አንደኛ፣ ገመዱን ከጥቅሉ ሙሉ በሙሉ መፍታት። 10 አምፔር የሚያልፍበት 50 ሜትር የ1.5 ገመድ 120 ዋት ያህል ሙቀት ያወጣል። ተዘርግቶ ከሆነ ሙቀቱ ወደ አየር ይበተናል፤ እንደተጠቀለለ ከሆነ ግን በመካከሉ ታፍኖ ሽፋኑን ያቀልጣል።

ሁለተኛ፣ ጋሪ፣ ባጃጅና ከብት በሚያልፉበት ሥፍራ ገመዱን በእንጨት ምሰሶ ከፍ አድርጎ ማሳለፍ፣ ወይም በወፍራም የፕላስቲክ ቧንቧ ውስጥ አስገብቶ መቅበር። በሽቦ አጥር ላይ ማንጠልጠል የተከለከለ ነው። ሽፋኑ ቢላጥ አጥሩ በሙሉ ኤሌክትሪክ ይሆናል።

ሦስተኛ፣ ስፒናና ሶኬት የሚገናኙበትን ሥፍራ ከመሬት ቢያንስ አንድ ሜትር ከፍ አድርጎ ከዝናብ መከለል። በመስኖ ቦይ አጠገብ ማስቀመጥ አይገባም።

አራተኛ፣ የተበጠሰን ገመድ በናስትሮ ቀጥሎ በእርጥብ መሬት ላይ አለመዘርጋት። ናስትሮ ውኃ አይከለክልም። የተጎዳውን ክፍል ቆርጦ ጥሎ ገመዱን ማሳጠር ይሻላል።

አምስተኛ፣ በሁለቱም ጫፍ ስፒና ያለው ገመድ ፈጽሞ አለመሥራት። አንዱ ጫፍ ሲሰካ የሌላው ጫፍ ብረት በእጅ የሚነካ ሞት ይሆናል።

ስድስተኛ፣ ፓምፑን ከጉድጓድ ሲያወጡ በገመዱ አለመጎተት፤ ለዚህ የተለየ የናይለን ገመድ ይታሰር። ሰው ወደ ጉድጓዱ ከመውረዱ በፊት ስፒናው ከሶኬት ይነቀል። ማጥፊያውን ማጥፋት ብቻ አይበቃም፤ ሌላ ሰው ሳያውቅ ሊያበራው ይችላልና። የተነቀለውን ስፒና የሚወርደው ሰው ራሱ ይያዘው።

6. ስለ ደረቅ ወንዝ ልዩ ማስጠንቀቂያ

በድሬዳዋ ዙሪያ ብዙ ጉድጓዶች በደረቅ ወንዞች ዳር ይገኛሉ። ገመድን በአሸዋው ላይ ማሳለፍ አጭሩ መንገድ ቢመስልም አደገኛ ነው። ጎርፉ የሚመጣው ከላይ ከሐረርጌ ደጋ ስለሆነ በከተማይቱ አንዲት ጠብታ ሳይጥል ወንዙ ሊሞላ ይችላል። በሐምሌ 1998 ዓ.ም. መጨረሻ የደቻቱ ወንዝ በሌሊት ሞልቶ ከ200 በላይ ሰዎች ሕይወታቸውን አጥተዋል። ስለዚህ ገመድም ሆነ የማብሪያ ሣጥን በወንዙ አሸዋ ላይ አይቀመጥ። በዝናብ ወራት ማታ ማታ ስፒናው ተነቅሎ ገመዱ ይሰብሰብ። ጎርፍ ሲመጣ ፓምፕ ለማዳን ወደ ወንዙ መውረድ አይገባም። ፓምፕ ይገዛል፣ ሰው አይገዛም።

7. አደጋ ሲደርስ

ኤሌክትሪክ የያዘውን ሰው በእጅ መንካት ሁለተኛ ሰው መጨመር ነው። አስቀድሞ ኤሌክትሪኩን ከቤት ማጥፋት ያስፈልጋል። ለዚህም የቤተሰቡ አባል ሁሉ፣ ልጆችም ጭምር፣ ማጥፊያው የት እንዳለ ይወቁ። ማጥፋት ካልተቻለ በደረቅ ሥፍራ ቆሞ በደረቅ እንጨት ገመዱን ከሰውየው ማራቅ ነው። ሰውየው የማይተነፍስ ከሆነ በጠንካራ መሬት ላይ በጀርባው አስተኝቶ የደረቱን መካከል በሁለት እጅ በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ጊዜ አጥብቆ መጫንና ሳያቋርጡ ወደ ሐኪም ማድረስ ይገባል። ቢነቃም ለሐኪም ሳይታይ ወደ ሥራ አይመለስ።

ማጠቃለያ

ገበሬው ከእያንዳንዱ የመስኖ ወራት በፊት ገመዱን ከጫፍ እስከ ጫፍ በዓይኑ ቢመረምር፣ የተሰነጠቀውን ቢለውጥ፣ ሥራ ሲያበቃም ገመዱን ከፀሐይና ከአይጥ በራቀ ሥፍራ ላላ አድርጎ ጠቅልሎ ቢያኖር ጥሩ የጎማ ገመድ ብዙ ዓመት ያገለግለዋል። ገንዘቡ ለሁሉም የማይበቃ ከሆነ ግን ቅደም ተከተሉን እንዲህ እንመክራለን፦ መጀመሪያ የመሬት መስመርና የልዩነት መቁረጫ፣ ቀጥሎ ወፍራም የመዳብ ገመድ፣ ከዚያ በኋላ ተለቅ ያለ ፓምፕ። አነስተኛ ፓምፕ ማሳውን በሁለት ቀን ያጠጣ ይሆናል፤ የሚያጠጣው ሰው ግን ማታ ወደ ቤቱ በሰላም ይገባል።