አንዱ ሲሊንደር ሲያኮርፍ

ሁሩታ ላይ ጠዋት ከቤት ሲወጡ ቀድሞ ጆሮ የሚገባው የባጃጅ ድምፅ ነው። ባጃጁም፣ ከገጠር ወደ ገበያ የሚመጣው ሞተር ሳይክልም በአብዛኛው ባለ አንድ ሲሊንደር ነው፤ ያ ሲሊንደር እምቢ ካለ ሞተሩ ቀጥ ይላል። ባለ ሁለት ሲሊንደር አሮጌ ሞተር ግን ሕመሙን ይደብቃል። አንዱ ሲሞት ሌላው እየጎተተው ይሄዳል፤ ባለቤቱም «ዳገት ላይ ጉልበት አነሰው» ይላል እንጂ በግማሽ ሞተር እየሄደ መሆኑን አይጠረጥርም።

ሆንዳ ሲቢ350ን እንውሰድ። እ.ኤ.አ. ከ1968 እስከ 1973 የተመረተ፣ 325 ሲሲ ሞተር ነው። አንዱ ፒስተን ሲወጣ ሌላው ይወርዳል። እያንዳንዱ ሲሊንደር የራሱ ካርቡራተር፣ የራሱ ፑንቲናና የራሱ ቦቢና አለው። ይህ ለመካኒክ ትልቅ ጸጋ ነው፤ ከታመመው አጠገብ ጤነኛው ስላለ ማነጻጸሪያ ፍለጋ የትም አይሄድም። ዕቃ ለመግዛት ወደ አዳማ ከመሮጥ በፊት ያለውን ዕቃ ከግራ ወደ ቀኝ ማዛወር ይቀድማል።

መጀመሪያ የሞተው የትኛው እንደሆነ ይለይ። ቀዝቃዛውን ሞተር አስነሥቶ ጥቂት ካቆዩ በኋላ፣ ከሲሊንደሮቹ በሚወጡት በሁለቱ የማርሚታ ቱቦዎች ላይ ውሃ ጠብ ማድረግ ነው። አንዱ ላይ ውሃው ቸስ ብሎ ይተናል፤ ሌላው ላይ እንደ ጤዛ ቁጭ ይላል።

ከዚያ ካንዴላው ይፈታ። በቤንዚን ከራሰ፣ አብዛኛውን ጊዜ የጎደለው እሳት ነው። ደረቅ ከሆነ ቤንዚኑ ራሱ አልደረሰም። ጥላሸት ከለበሰ ግን ቆም ብሎ ማሰብ ያስፈልጋል። ሁሩታ ከባሕር ጠለል 2000 ሜትር ገደማ ከፍ ያለች ናት፤ በዚህ ከፍታ አየሩ በአንድ አምስተኛ ገደማ ስለሚሳሳ፣ ለቆላ የተስተካከለ ካርቡራተር ቤንዚን ያበዛል። ይሁን እንጂ ከፍታ ለሁለቱም ሲሊንደር እኩል ነው። የጠቆረው አንዱ ካንዴላ ብቻ ከሆነ ጥፋቱን ደጋው ላይ ማላከክ አይቻልም።

ካንዴላዎቹን አቀያይሩ። ችግሩ አብሮ ከተሻገረ ጥፋተኛው ካንዴላው ነው። ካልተሻገረ ተራው የቦቢና ነው፤ እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ወደ ካንዴላ የሚሄደውን ወፍራም ገመድ ብቻ ማዛወር አይበቃም፤ ከፑንቲና የሚመጣው ቀጭን ገመድም አብሮ መዛወር አለበት። አለዚያ ብልጭታው ያለ ሰዓቱ ይመጣና ጤነኛውም ሲሊንደር ይሞታል። ቦቢናዎቹ ተቀያይረውም ችግሩ እዚያው ከቀረ ፑንቲናው ይታይ፤ ክፍተቱ ከ0.3 እስከ 0.4 ሚሊሜትር መሆን አለበት። በአሮጌ ሞተር ላይ እኔ ከሁሉ አስቀድሜ የምጠረጥረው እሱን ነው። ፊቱ ከተቃጠለ ኮንደንሰሩም አይታመንም።

እሳቱ ደህና ከሆነ ወደ ካርቡራተሩ ነው። ሚኒሞ ላይ ሞቶ ነዳጅ ሲሰጡት የሚነቃ ሲሊንደር፣ ሚኒሞውን የምትመግበው ቀጭን ቀዳዳ መደፈኗን ይናገራል። ለወራት ቆሞ የከረመ ሞተር ውስጥ ቤንዚኑ እንደ ሙጫ ስለሚጣበቅ ይህ የተለመደ ነው።

በመጨረሻ ኮምፕሬሽን። ማብሪያውን አጥፍቶ፣ የካንዴላውን ቀዳዳ በአውራ ጣት ደፍኖ ሞተሩን መርገጥ፤ በሁለቱም በኩል ጣትን እኩል መግፋት አለበት። አንዱ ከደከመ፣ ሲሊንደሩ ከመከፈቱ በፊት የቫልቭ ክፍተት በቀዝቃዛ ሞተር ይለካ፤ የመግቢያው 0.05፣ የመውጫው 0.10 ሚሊሜትር ነው።

እባካችሁ፣ አንዱ ማርሚታ እንደቀዘቀዘ እስከ አዳማ አትንዱት። ያልተቃጠለው ቤንዚን የሲሊንደሩን ግድግዳ ዘይት ያጥባል፤ ወደ ታችም ወርዶ የሞተሩን ዘይት ያቀጥነዋል።