ዕርፈ መስቀል ሲመረጥ

በፈረንጅ አገር የብር ማንኪያና ሹካ ቅርጽ የሚመርጡት ሙሽሮች ናቸው። እኛ ማዕዳችንን በእጃችን የምንቆርስ ሰዎች ነን፤ ለልጇ ሠርግ የብር ማንኪያ ያዘዘችኝ እናት እስካሁን የለችም። ከጋይንት፣ ከስማዳና ከእስቴ የሚመጡ ደንበኞቼ ግን ለማንኪያ ቅርጽ ግማሽ ቀን ሲከራከሩ ይውላሉ። የሚያሠሩት ዕርፈ መስቀል፣ ጫፉ መስቀል የሆነ የቁርባን ማንኪያ ነው።

አብዛኞቹ ፎቶ በስልክ ይዘው ይመጣሉ፤ የሚያሳዩኝም ጫፉን ነው። መስቀሉ የላሊበላ ይሁን የጎንደር፣ ሐረግ ይኑረው አይኑረው። እኔ ደግሞ ወሬውን ወደ ታች፣ ወደ ጎድጓዳው እጎትታለሁ። ሥጋውን ካህኑ ካቀበለ በኋላ ደሙን ዲያቆኑ የሚሰጠው በዚህ ማንኪያ ነው። በገጠር አጥቢያ ከሚቆርበው ብዙው ደግሞ ሕፃንና ሽማግሌ ነው፤ ወንዱ በ40 ቀኑ፣ ሴቷ በ80 ቀኗ ተጠምቀው የዚያኑ ዕለት ይቆርባሉ። ስለዚህ መጀመሪያ የምጠይቀው «ይህ የ40 ቀን ሕፃን አፍ ይገባል ወይ?» ብዬ ነው። ብር ተቀጥቅጦ ሲሳሳ ጠርዙ እንደ ምላጭ ይሆናል። ከንፈሩን ጥቂት ወፈር አድርጌ እተወዋለሁ፣ ሞርጄ አድበለብለዋለሁ፣ በመጨረሻም በራሴ ከንፈር እሞክረዋለሁ። ጣት የማያውቀውን ሻካራ ከንፈር ያውቀዋል።

ቀጥሎ አንገቱ ነው። ጎድጓዳውንና መያዣውን ለየብቻ ሠርቶ መበየድ ሥራውን ያቀላል፣ ዋጋውንም ያወርዳል፤ እኔ ግን አንገት ላይ ብየዳ አልወድም። የብየዳ ብር ቶሎ እንዲቀልጥ ሌላ ማዕድን የተቀላቀለበት ነውና የዘቢቡ ኮምጣጣ ቀድሞ የሚይዘው እሱን ነው። ደግሞም ዕቃው አንዴ ከተባረከ ንዋየ ቅድሳት ነው፤ ከካህናትና ከዲያቆናት በቀር የሚነካው የለም። ቢሰነጠቅ «ጠግንልን» ብሎ ወደ እኔ መመለስ ቀላል አይደለም። (አንጥረኛን «ቡዳ» ሲል የኖረ አገር ጽዋውንም መስቀሉንም ከዚያው እጅ መቀበሉ አንዳንዴ ያስቀኛል።) ስለዚህ ከጎድጓዳው እስከ መያዣው ወገብ ከአንድ ቁራጭ ቀጥቅጬ አወጣዋለሁ። ሐረጉና ፍልፍሉ ከወገብ በላይ እንደፈለጉ ይሁን፤ ከወገብ በታች ግን ልሙጥ ነው። ከቁርባን በኋላ ዕቃው ታጥቦ እጣቢው ይጠጣል፤ ጠብታ የሚደበቅበት ስንጥቅ መኖር የለበትም።

የብሩ ጉዳይ ሌላ ክርክር ነው። እናቶች ስለታቸውን ከሙዳይ አውጥተው ጠገራ ብር ይልካሉ። ጠገራው፣ ያ የማርያ ቴሬዛ፣ የትም ይመታ የት 1780 የሚል ነው፤ 28 ግራም ግድም ይመዝናል፣ ከ1000 እጅ 833ቱ ብር ሲሆን ቀሪው መዳብ ነው። ስተርሊንግ የሚባለው፣ እንግሊዞች በ1300 እ.ኤ.አ. በሕግ ያጸኑት፣ 925 ነው። ሁለት ጠገራ ወደ 925 ለማድረስ 69 ግራም ያህል ንጹሕ ብር መጨመር ያስፈልጋል፤ ከጠገራዎቹ ከራሳቸው ክብደት ይበልጣል! ይህን ስነግራቸው ፊታቸው ይለወጣል። የእኔ ምክር አጭር ነው፦ ዘቢቡ የሚነካው ጎድጓዳው በ925 ይሠራ፣ የእናቶች ጠገራ ለመስቀሉ ይሁን።

የጋይንት ደንበኛ ቀላል አይደለም። ድጓ የሚመሰከርበት ቤተልሔምና ዝማሬ መዋሥዕት የሚመሰከርበት ዙር አባ እዚያው ናቸው። ዝማሬ ደግሞ የቁርባን ዜማ ነው፤ ከክፍሎቹ አንዱ «ጽዋዕ» ይባላል። እንዲህ ባለ አገር የተማሩ ሰው ፊት «አሁን የተወደደው ይኼ ነው» ማለት አያዋጣም። አንድ መሪጌታ ጫፉ ድፍን መስቀል የሆነውን ማንኪያ በመዳፋቸው መዘን መዘን አድርገው፣ «ልጄ፣ በበዓል ቆራቢው ብዙ ነው። ይኼን የያዘ ዲያቆን እጁ አይዝልም?» አሉኝ። ልክ ናቸው። ድፍን መስቀል ጫፉን አክብዶ ማንኪያውን ወደ ኋላ ይጥለዋል፤ ዲያቆኑም በአውራ ጣቱ ሲታገለው ያረፍዳል። የመስቀሉ ፍልፍል ለጌጥ ብቻ የሚመስለው ካለ አንዴ ይዞ ይሞክረው።

ለዚህ ስል የቤተ ክርስቲያኑ ኮሚቴ ሲመጣ ዲያቆኑንም ይዞ እንዲመጣ እጠይቃለሁ። ሽማግሌዎቹ ደስ አይላቸውም፤ ልጅ ነዋ። የመዳብ ናሙናዎችና አንድ ኩባያ ውኃ አቀርብለታለሁ፣ እየቀዳ ይሞክራል። በቅርቡ ከስማዳ የመጣው ዲያቆን ሽማግሌዎቹ የወደዱትን ረጅሙን ትቶ አጭሩን አነሣ። ለምን ስለው «ጽዋችን ጥልቅ አይደለም፣ ረጅሙ ያጋድላል» አለኝ። ሽማግሌዎቹ እርስ በርስ ተያዩ፤ ከጽዋው ሲቀበሉ እንጂ ሲቀዱ አያውቁም። መያዣውን በልጁ ልክ ቆረጥኩት።