የመምህሬ እርማት

የበገና መምህሬ ካረፉ ወዲህ የሚያገኘኝ ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ አንድ ነገር ነው፤ “ድምፃቸው ተቀርጿል?” ይለኛል። ተቀርጿል፤ በካሴትም በስልክም ብዙ አለ። እኔ ግን ሳስተምር ዕለት ዕለት የሚጎድለኝ ዜማቸው አይደለም። የሚጎድለኝ እርማታቸው ነው፤ እሱን ደግሞ ማንም አልቀረጸውም።

በገና አሥር አውታር አለው። በእኛ አደራደር ድምፅ የሚሰጡት አንደኛው፣ ሦስተኛው፣ አራተኛው፣ ስድስተኛው፣ ስምንተኛውና አሥረኛው ናቸው። የቀሩት አራቱ የጣት ማረፊያ ናቸው። የጀማሪ ልብ የሚሄደው ድምፅ ወደሚሰጡት ነው። የኔታ ግን የሚያዩት ጣታችን አውታሩን ከነካ በኋላ የት እንዳረፈ ነበር። ያላረፈ ጣት ወደሚቀጥለው ይቸኩላል፤ ሲቸኩል ደግሞ ቃሉ ከድርደራው ይለያል። ያን ጊዜ እጃቸውን በምሰሶው ላይ ያኖራሉ። ቁጣ የለም፣ ማብራሪያም የለም፤ ከመጀመሪያው እንጀምራለን።

ከሁሉ የረዘመው ትምህርት የእንዚራ ነው። በአውታሩና በበርኩማው መካከል የምትገባ ቁራጭ ቆዳ ናት፤ ያ እንደ ንብ መንጋ የሚያጉረመርመው የበገና ድምፅ የሚመጣው በእሷ ነው። ከቦታዋ ጥቂት ከሳተች አውታሩ ወይ ይደርቃል ወይ ይታፈናል። ዛሬ ተማሪዎቼ ስልካቸው ላይ መቃኛ ጭነው ይመጣሉ፤ አልከለክላቸውም፣ ለቅኝቱ ያግዛል። እንዚራዋ ቦታዋን መያዟን ግን የሚያውቀው ጆሮ ብቻ ነው፤ ያን ጆሮ ያገኘሁት ከየኔታ ጎን ተቀምጬ፣ “ገና ነው” ሲሉኝ እየሰማሁ ነው። አንዳንድ ቀን አንድም መዝሙር ሳንደረድር በዚሁ ይመሽብን ነበር። በገናው ለደርዳሪው ድምፅ ስለሚቃኝ የእሳቸውን ልክ ይዤ እንድሄድም አይፈቅዱልኝም ነበር፤ የእኔን ድምፅ እስክናገኝ ይታገሡኝ ነበር። መምህርነታቸውን ከሁሉ በላይ የምወደው በዚህ ነው።

በገና ከዚህ የደረሰውም እንዲህ ነው። መጋቤ ስብሐት ዓለሙ አጋ የተማሩት በልጅነታቸው፣ ጎረቤታቸው ከነበሩት ከአለቃ ተሰማ እግር ሥር ነበር። በደርግ ዘመን በገና ከሬዲዮ ሲጠፋ፣ በያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤትም ትምህርቱ ሲቋረጥ ያቆዩት በየቤታቸው የነበሩ ሰዎች ናቸው። ዛሬ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ተማሪው በዝቷል፤ በተለይ ሁዳዴ ሲቃረብ ወንበር አይበቃንም። ቅጂ እየሰማ ብቻውን የተማረ ልጅም ይመጣል፤ ዜማውን አንድ ሳያዛንፍ ይዞታል። ጣቶቹ ግን ማረፊያ አያውቁም። ትጋቱ ያስደስተኛል፤ አጠገቡ የሚቀመጥ ሰው ማጣቱ ደግሞ ያሳዝነኛል።

በአርባቸው ዕለት የተሰበሰብነው ደቀ መዛሙርታቸው አንድ ነገር ተስማማን። በየወሩ እየተገናኘን፣ አንዱ ሲደረድር ሌሎቻችን እናዳምጣለን፤ ያልጣመንን ሳንሸሽግ እንናገራለን። ያስተማሪነት ስም ላለን ሰዎች ቀላል አይደለም። ባለፈው ስንገናኝ ከመካከላችን ታናሿ አራተኛው አውታሬ ላይ አስቆመችኝ፤ እንዚራውን አስተካክዬ ከመጀመሪያው ጀመርኩ።